ዳዊቱን አይስቱም፤ የሸጡትን በግ ግን ይረሳሉ

ከደብረ ብርሃን የደረሰን ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦

«አባቴ 76 ዓመታቸው ነው። መንዝ ውስጥ ከወንድሜና ከባለቤቱ ጋር ይኖራሉ። የቄስ ትምህርት ተምረዋል፤ ያነባሉ፣ መጻፍ ግን አይችሉም። ከዓመት ከመንፈቅ ወዲህ አንድን ጥያቄ ደጋግመው ይጠይቃሉ። በግ ሸጠው የተቀበሉትን ብር የት እንዳኖሩት ይጠፋቸውና ምራታቸውን ‹ወሰድሽብኝ› ይላሉ። ሁለት ጊዜ ከገበያ ሲመለሱ መንገድ ስተው ሰው ነው ያመጣቸው። ዳዊቱን ግን በቃላቸው ይደግማሉ፤ የልጅነታቸውን ሲያወሩም አንድ ነገር አይዛነፍባቸውም። አንዱ ባለሙያ ‹እርጅና ነው› አለን። ሌላው በወረቀት ፈትኗቸው ‹ከ30 18 አመጡ፣ የመርሳት በሽታ ነው› አለን። ጆሯቸው ከበድ ብሏል፤ ለእንቅልፍ እያሉ ከመድኃኒት ቤት የሚገዙት ኪኒንም አለ። ማንን እንመን?»

ውድ ጠያቂያችን፣

ለጊዜው ሁለቱንም አይመኑ። የጻፉልን ምልክቶች «እርጅና ነው» ተብለው የሚታለፉ አይደሉም። 18 ነጥቡም ቢሆን ብቻውን በሽታ አያረጋግጥም፤ በተለይ መጻፍ ላልተማሩ ሰው። በሁለቱ መልሶች መካከል መሠራት የነበረበት ምርመራ ተዘሏል። አብዛኛው ውድ መሣሪያ አይፈልግም፤ ከፊሉን እናንተው ቤት ልትጀምሩት ትችላላችሁ።

መጀመሪያ ስለ ዳዊቱ። ብዙ ቤተሰብ የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው፤ «ይህን ሁሉ በቃሉ የሚል ሰው እንዴት የመርሳት በሽታ ይኖርበታል?» ይባላል። በልጅነት ለዓመታት እየተደገመ የተያዘ ቃል አንጎል ውስጥ ሥር ሰዶ የቆየ ነው፤ ትናንት የተሰማ ወሬ ግን ገና መቀመጫ የሚፈልግ ነው። ከመርሳት በሽታዎች ሁሉ በብዛት የሚታየው አልዛይመር ሲጀምር የሚያጠቃው ሂፖካምፐስ የሚባለውን፣ አዲስ ነገር ተቀብሎ የሚያስቀምጠውን የአንጎል ክፍል ነው። ስለዚህ የ60 ዓመት ታሪክ ሳይዛነፍ እየተተረከ የጠዋቱ ቁርስ ሊጠፋ ይችላል። አባትዎ ዳዊት መድገማቸው ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው፤ ጤነኛ ናቸው ለማለት ግን አይበቃም። የሚጠየቀው አዲሱ ነው፦ ባለፈው እሑድ ቤት ማን መጣ? መጨረሻ የሄዱበት ለቅሶ የማን ነበር? በጉ ስንት ተሸጠ?

እርጅና የሚያመጣው መዘግየትን ነው። የሰው ስም አፍ ላይ ደርሶ ይቀራል፣ ማታ ይመጣል። ምርኩዝ የት እንደተቀመጠ ይረሳል፣ ዱካን ተከትሎ ይገኛል። በሽታ ሲሆን ነገሩ ራሱ ይጠፋል፤ «ማክሰኞ እኮ ሸጠውታል፣ ገዢው እገሌ ነበር» ቢባሉም አይመጣላቸውም። ከዚህም በላይ የሚያሳስበው ድሮ ያለ ችግር የሚሠሩት ሥራ መበላሸቱ ነው። በኖሩበት ቀዬ፣ ዕድሜ ልካቸውን በተመላለሱበት መንገድ ሁለት ጊዜ መጥፋት በእኛ እምነት ከሁሉም ምልክት የሚከብደው ነው።

ወንድምዎንና ባለቤቱን ለየብቻ ጠይቁ፤ አንድ ላይ ሲጠየቁ አንዱ የሌላውን አፍ ይከተላል። ኤዲ8 የሚባል ለቤተሰብ የሚቀርብ የስምንት ጥያቄ መመዘኛ አለ። ወደ መንዝ ኑሮ ሲመለስ ይህን ይመስላል፦ የማያዋጣ ዋጋ መቀበል ወይም ለማያውቁት ሰው ብር መስጠት ጀምረዋል? ከማኅበሩና ከሚወዱት ሥራ ሸሽተዋል? ጥያቄና ወሬ ይደጋግማሉ? አዲስ ዕቃ፣ ለምሳሌ ሞባይል፣ መልመድ አቅቷቸዋል? ወሩን ወይም ዓመቱን ይስታሉ? የእድር መዋጮ፣ የመሬት ግብር፣ የብድር ሒሳብ ይምታታባቸዋል? ተዝካርና ሠርግ የተጠሩበትን ቀን ይረሳሉ? ማሰብና ማስታወስ የየዕለት ችግር ሆኖባቸዋል? የሚቆጠረው ለውጥ ብቻ ነው፤ ድሮም ሒሳብ የማይሆንላቸው ከነበሩ ዛሬ ሒሳብ መሳታቸው አይቆጠርም። ሁለትና ከዚያ በላይ «አዎ፣ ተለውጧል» ከተባለ በደንብ መመርመር ያስፈልጋል። ይህ መንገድ ትምህርት አይጠይቅም፤ አባትዎን ከሌላ ሰው ጋር ሳይሆን ከራሳቸው ከትናንቱ ጋር ነው የሚያስተያየው።

አሁን ወደ 18 ነጥቡ። ከ30 የሚቆጠረውና በብዛት የሚሠራበት ፈተና ሚኒ ሜንታል የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው ነው። ከሆነ፣ ወረቀቱን ጠይቃችሁ ተቀበሉና ነጥቡ የት እንደጎደለ ተመልከቱ። ድምሩ ሳይሆን ዝርዝሩ ነው የሚናገረው። ከ100 ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሱ መቁጠር 5 ነጥብ አለው፤ ዓረፍተ ነገር መጻፍ 1፣ ሁለት የተጠላለፉ ባለ አምስት ጎን ቅርጾች አይቶ መሳል 1። ብዕር ያልለመደና ሒሳብ በቃሉ በገበያ ቋንቋ ብቻ የሚሠራ ጤነኛ ሰው እነዚህን 7 ነጥቦች በሙሉ ሊያጣ ይችላል። «ስንተኛ ፎቅ ላይ ነን?» የሚል ጥያቄም አለበት፤ ጣሪያው አንድ በሆነ ጤና ጣቢያ ውስጥ ምን ትርጉም አለው? በተለምዶ ከ24 በታች እንደ ችግር ይታያል፤ ይህ መስመር ግን ትምህርት ቤት ለቆዩ ሰዎች የሚስማማ ነው።

ይሁንና ወረቀቱን ቀዳችሁ አትጣሉት። የጎደለው ከመጻፉና ከመሳሉ ሳይሆን ከሦስቱ ቃላት ማስታወስና ያሉበትን ቦታ ከማወቅ ከሆነ፣ ያ እውነተኛ ምልክት ነው።

ሰዓት የመሳል ፈተና ከተሰጣቸውም ጥንቃቄ ያሻል። «አምስት ሰዓት» ሲባል የሰዓቱን ቆጣሪ 11 ላይ የሚያደርጉ አሉ፤ 5 ላይ የሚያደርጉም አሉ። ሁለቱም በአገራችን አቆጣጠር ልክ ናቸው። መርማሪው ይህን ካላሰበ ጤነኛውን ይጥላል።

ላልተማሩ ሰዎች የሚሻሉ መመዘኛዎች አሉ። አውስትራሊያ ውስጥ የተሠራው ሩዳስ የገበያ ዕቃዎችን ማስታወስ፣ የሰውነትን ግራና ቀኝ መለየት፣ ጭብጥና መዳፍን ማፈራረቅና መንገድ መሻገርን የመሰሉ ነገሮችን ይጠይቃል፤ እሱም ቢሆን አንድ ስዕል አለበት። ታንዛኒያ ውስጥ የተዘጋጀው አይዲያ የሚባለው ደግሞ ስዕሉን በክብሪት እንጨት ተክቶታል። የሚመረምራቸውን ሰው «መጻፍ አይችሉም፤ ለእሳቸው የሚስማማ አለ?» ብላችሁ ብትጠይቁት ነውር የለበትም።

ቤት ውስጥ ምን ማየት ይቻላል? ይህ በሽታ ለመሰየም አይደለም፤ ለሐኪሙ ይዛችሁ የምትሄዱት ነገር እንዲኖራችሁ ነው። ጠዋት፣ በልተውና ዐርፈው ሳለ፣ ሰው ባልተሰበሰበበት አድርጉት። በልጅ ልጅ ፊት መፈተን ለአንድ አባወራ ውርደት ነው፤ የተዋረደ ሰው ደግሞ የሚያውቀውንም ይረሳል። ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ፣ በወፍራም ድምፅ፣ በዝግታ ተናገሩ። አለመስማትን አለማስታወስ ነው ብሎ መቁጠር በዚህ ሥራ ላይ በየቀኑ የሚሠራ ስህተት ነው።

ከማስታወስ በፊት ትኩረታቸውን እዩ። የሳምንቱን ቀናት ከእሑድ ጀምረው ወደ ኋላ ይቁጠሩ፤ ለአባትዎ ወራቱም አይከብዱም፣ ከጳጉሜን ወደ መስከረም። ይህ ጨርሶ ካቃታቸው ቀጥሎ የሚመጣውን የቃላት ፈተና መስጠት ከንቱ ነው፤ ልቡ ያልተሰበሰበ ሰው የሰማውን አላስገባውም። ያኔ ችግሩን መጀመሪያ ሌላ ቦታ፣ ከዚህ በታች ከምናነሳቸው ድንገተኛ ሕመሞች ዘንድ ፈልጉ።

ከዚያ የማይገናኙ ሦስት ቃላት ስጧቸው፤ ለምሳሌ ገብስ፣ ጋቢ፣ ድልድይ። ወዲያው ይድገሙ፤ እስኪይዟቸው እስከ ሦስት ጊዜ ንገሯቸው። አምስት ደቂቃ ስለ ሌላ ነገር አውሩና «ቅድም ያልኩዎት ቃላት ምን ነበሩ?» በሉ። የጠፋ ካለ ፍንጭ ስጡ፦ «አንዱ የእህል ዓይነት ነበር።» ፍንጩ ሲነገራቸው «አሃ፣ ገብስ» ካሉ ቃሉ ተቀምጧል፣ ማውጣቱ ነው የቸገራቸው፤ ይህ በድብርት፣ በእንቅልፍ ማጣት፣ በመድኃኒትም ይመጣል። ፍንጭ ተሰጥቷቸው «ስንዴ» ካሉ፣ ወይም ቃላት እንደተሰጧቸውም ካላስታወሱ፣ ጭራሹን አልተቀመጠም ማለት ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስባል።

ቀኑን ስትጠይቁ በሚያውቁት አቆጣጠር ጠይቁ። ዛሬ የማን በዓል ነው? ጾም ነው ፍስክ? ዘመኑ የየትኛው ወንጌላዊ ነው? «ቀኑ ስንት ነው?» ሲባሉ ዝም ያሉ አረጋዊ «ነገ ሚካኤል ነው» ብለው ቁጭ ሊያደርጉት ይችላሉ። ሚካኤል 12፣ ገብርኤል 19፣ ጊዮርጊስ 23 መሆኑን ቤተ ክርስቲያን የማይለዩ ሰው አይስቱትም፤ ሲስቱት ትርጉም አለው። ሒሳቡንም በገበያ አድርጉት፦ የ85 ብር ዕቃ ገዝተው 200 ብር ቢሰጡ ስንት ይመለሳል? በአንድ ደቂቃ ውስጥ የቻሉትን ያህል የእንስሳት ስም እንዲጠሩም አድርጉ፤ በግ አርቢ ሰው ከስድስትና ሰባት ካላለፈ ጻፉት።

አንድ ሌላ ነገር ልብ በሉ። በየጥያቄው ፊታቸውን ወደ ወንድምዎ አዙረው መልሱን ከእሱ የሚጠብቁ ከሆነ፣ ይህ ሐኪሞች እንደ ምልክት የሚያዩት ነገር ነው። እናንተም አትመልሱላቸው፤ ከፍቅር የተነሳ ልጆች በአባታቸው ፋንታ እየመለሱ በሽታውን ከሐኪም ይደብቃሉ።

ይህን ፈተና በየቀኑ አትደጋግሙት። አንድ ጊዜ አድርጋችሁ ቀኑንና መልሳቸውን እንዳለ ጻፉ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ከሁሉም ያስፈልጋል፤ የመርሳት በሽታ የሚመስሉና ሊድኑ የሚችሉ ነገሮች ብዙ ናቸው። እነዚህን ሳይፈትሹ «የመርሳት በሽታ ነው» ማለት አንድን ሰው ያለ ጊዜው መተው ነው።

ከኪኒኑ ጀምሩ። ስሙን አልጻፉልንም። ዲያዜፓም ከሆነ በአረጋውያን ሰውነት ውስጥ ቶሎ አይወገድም፤ ማታ የተዋጠው ቀን ያደነዝዛል፣ ለውድቀትም ይዳርጋል። አሚትሪፕቲሊን ወይም እንደ ፕሮሜታዚንና ክሎርፌኒራሚን ያሉ እንቅልፍ የሚያመጡ የአለርጂና የጉንፋን መድኃኒቶች ከሆኑ፣ ለማስታወስ የሚያስፈልገውን አሴቲልኮሊን የተባለ የአንጎል ንጥረ ነገር ይጋርዳሉ። ግን በድንገት አታስቁሟቸው፤ በተለይ ዲያዜፓም ለረጅም ጊዜ ተወስዶ በአንድ ቀን ሲቋረጥ መንቀጥቀጥና መቃዠት ያመጣል። ሐኪሙ እየቀነሰ ያስቁመው። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ስኳር ዝቅ ማለት ግራ ያጋባል፤ በጾም ቀን በተለይ።

ጆሯቸው የተደፈነው በኩክ ሊሆን ይችላል፤ ጤና ጣቢያ ያጸዳዋል። ዓይናቸውንም አሳዩ፤ ሞራ ያለበት ሰው መንገድ ቢስት አይደንቅም።

ባለፉት ወራት ወድቀው ወይም ራሳቸውን ተመትተው እንደሆነ አጣሩ፤ ከበቅሎ መውደቅም፣ የበር መቃን መግጨትም ይቆጠራል። በአረጋውያን የራስ ቅል ውስጥ ደም ቀስ እያለ ለሳምንታት ሊጠራቀም ይችላል። ራስ ምታት፣ ማንቀላፋት፣ በአንድ ጎን መድከም ከታከለበት ሲቲ ስካን ያስፈልጋል፤ ደሙ በቀዶ ሕክምና ሲወጣ ብዙዎች ይመለሳሉ። እግራቸው ከመሬት የተጣበቀ ይመስል እየጎተቱ የሚሄዱ፣ ሽንትም የሚያመልጣቸው ከሆነ በአንጎል ውስጥ ውኃ የመብዛት ሕመም ሊሆን ስለሚችል እንዲሁ ይታያል።

የታይሮይድ እጢ ሥራ መቀነስ ሰውን ያዘገያል፣ ያስረሳል። ምልክቱ ብርድ አለመቻል፣ የሆድ ድርቀት፣ የድምፅ መጎርነን ነው። መንዝ ላይ ማንም ይበርደዋልና በዚህ ምልክት ብዙዎች አይነቁም፤ «በቀትር ፀሐይ፣ በርኖስ ለብሰውም ይበርዳቸዋል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አንገታቸው ላይ እንቅርት ካለም ተናገሩ።

ቫይታሚን ቢ12 ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል የሚገኝ ነው። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ክምችት ስለሚይዝ ጾም ብቻውን ቶሎ አያሳጣውም። ነገር ግን በዕድሜ የጨጓራ አሲድ ሲቀንስ፣ ወይም ሜትፎርሚንና ኦሜፕራዞል ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ፣ ከምግብ የሚገባው ይቀንሳል፤ ዓመቱን አብዛኛውን የሚጾሙና በፍስኩም እምብዛም የማይበሉ አረጋዊ ላይ ሁለቱ ይደራረባሉ። እግር መደንዘዝ ካለ ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ ሕክምናው መርፌ ወይም ኪኒን ነው።

ድብርትም አለ። የተደበተ ሰው ለጥያቄ ሁሉ «እኔ እንጃ» ይላል፣ ስለ መርሳቱም ራሱ ያማርራል። የመርሳት በሽታ የያዘው ግን ብዙ ጊዜ ችግር የለብኝም ይላል፣ የተሳሳተ መልስ በልበ ሙሉነት ይሰጣል። የአረቄ ልማድ ካለም ሳታፍሩ ለሐኪሙ ንገሩ። ብርዱን ፈርቶ የከሰል ምድጃ አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛትም ጭሱ ባይታይ እንኳ አንጎልን ይጎዳል፤ ጠዋት ራሳቸውን እያመማቸው የሚነሱ ከሆነ ዛሬውኑ ምድጃውን ከመኝታ ቤት አስወጡ።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ አብሯቸው የሚኖረው ሰው ይሂድ፤ ከደብረ ብርሃን የሚሄዱት እርስዎ ብቻ ከሆኑ የዕለት ኑሯቸውን የሚናገር አይኖርም። ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ የተጀመረውንም ያለቀውንም፣ በፌስታል ያዙ። የሁለት ሳምንት ማስታወሻ ጻፉ፦ ቀን፣ ምን ሆነ፣ ማን አየ። «ይረሳሉ» ከሚለው ይልቅ «ሐሙስ በግ ሸጠው ማታ በጉን ሲፈልጉ አመሹ» የሚለው ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል። አባትዎን «ጭንቅላትዎን እንዲያዩልዎ» አትበሏቸው፤ «አባባ፣ ጆሮዎንም ግፊትዎንም እንዲያዩልዎ» በሏቸው፣ እውነትም ነው።

የማኅበረሰብ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ ከጤና ጣቢያው ጀምሩና ሪፈር እያጻፋችሁ ወደ መሐል ሜዳ ሆስፒታል፣ ካስፈለገም ወደ ደብረ ብርሃን ሂዱ፤ ዘላችሁ ከሄዳችሁ ወጪው በእናንተ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ጤና ጣቢያ ላይ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ የደም ማነስ፣ ሽንት፣ ኤች አይ ቪና ቂጥኝ ይታያሉ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ለሽማግሌ መታዘዛቸው አያስከፋችሁ፤ ሁለቱም አንጎልን የሚጎዱና መድኃኒት ያላቸው ናቸው። ሆስፒታል ላይ የኩላሊት፣ የደም ጨውና የታይሮይድ ምርመራ ጠይቁ፤ ቢ12 በሁሉም ቦታ ስለማይሠራ ናሙናው ወይም እናንተ ወደ ሌላ ላብራቶሪ ልትላኩ ትችላላችሁ።

ጸበል መሄድ ከፈለጉ አትከልክሏቸው፤ ሕክምናውን አቋርጠው አይሂዱ እንጂ። ምግብ ሳይቀምሱ፣ በመንዝ ብርድ ቀዝቃዛ ውኃ ላይ ለሰዓታት መቆየት ግን ለዚህ ዕድሜ አደገኛ ነው።

ይህ ሁሉ ተጣርቶ የመርሳት በሽታ ነው ከተባለ ዓይነቱ ይለይ። አልዛይመር ቀስ እያለ ይገፋል። ከደም ሥር ችግር የሚመጣው በየደረጃው ዝቅ ዝቅ ይላል፤ የደም ግፊትን መቆጣጠር እዚያ ላይ ዋጋ አለው። የሌለ ሰውና እንስሳ የሚያዩ፣ ሰውነታቸው የሚገተር፣ አንድ ቀን ነቅተው አንድ ቀን የሚደክሙ ከሆነ ሌዊ ቦዲ የሚባለው ሊሆን ይችላል። ይህን በግልጽ ለሐኪሙ ንገሩት፤ ለመቃዠት ተብሎ የሚሰጠው ሃሎፔሪዶል በእነዚህ ሰዎች ላይ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ዶኔፔዚል የተባለው መድኃኒት አልዛይመርን አያድንም፤ በአንዳንዱ ሰው ማስታወስን ለጊዜው ደገፍ ያደርጋል።

ምራታቸውን አትርሷት። ብር አኑሮ የረሳ አእምሮ ክፍተቱን «ተሰረቅሁ» ብሎ ይሞላዋል፤ ስሟ የሚነሳውም ቅርብ ሆና ስለምትንከባከባቸው ነው። ይህን ወንድምዎ በግልጽ ይንገራት፣ ጎረቤትም ይስማው፤ በዚህ ምክንያት ትዳር ሲናጋ አይተናል። «አልወሰድኩም» ብላ አትከራከር፤ አብራ ትፈልግ። በግ ሲሸጥ ብሩን ከሌላ ሰው ጋር ይቀበሉ፣ ኪሳቸው ውስጥም የወንድምዎ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ይኑር።

በስድስት ወር ተመልሳችሁ በዚያው መመዘኛ አስፈትኗቸው፤ ከአንድ ቀን ውጤት ይልቅ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይበልጥ ያስረዳል። ግን እስከዚያ ድረስ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ በድንገት ቢቃዡ፣ ቀንና ሌሊት ቢገለባበጥባቸው፣ አንዴ ነቅተው አንዴ ቢያንቀላፉ ቀጠሮ አትጠብቁ። ይህ የመርሳት በሽታው መባስ ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ የሳንባ ምች፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የውኃ ማነስ ወይም የሽንት መታገድ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ትኩሳትም ሳልም ሳይኖር ሊመጣ ይችላል። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ አድርሷቸው።